ሰሌዳ ላይ የቀባሁት ድንጋይ

በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ አባባ ደምሴ ቤት የነበርነው እነዚህ ነን፦ አባባ ደምሴ ራሳቸው፣ ባለቤታቸው እማማ አስካለ፣ መምህር ግርማ፣ ጓደኛዬ ዘነበች፣ እኔ አየለች፣ እንዲሁም እንቁላል ልትጥል ገብታ ማንም ያላስወጣት አንዲት ቀይ ዶሮ። ሌላ ሰው አልነበረም። ደጋግሜ አስቤዋለሁ፣ አልነበረም። ከእነዚህ ውስጥ ይህን የሚያነብ ካለና የተሳሳትኩት ነገር ካለ ያርመኝ።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት የግድግዳ ሰዓታችን ቆመ። ከጀርባው ስከፍተው ድንጋዩ ፈስሶ ነጭ ነገር አውጥቷል። ድንጋይ የምለው የባትሪ ድንጋይ ነው፤ ልጆቼ ባትሪ ብቻ ይሉታል። ትንሿ ልጄ ልትነካው እጇን ስትዘረጋ ጮኽኩባትና ደነገጠች። እኔ እንዲህ ነኝ። ክብሪት እደብቃለሁ፣ መድኃኒት ከፍ አድርጌ አስቀምጣለሁ፣ ድንጋይ ደግሞ ከሁሉ አብልጬ እፈራለሁ። እጄን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩ። ሽታው ግን አልለቀቀኝም። ዝገት ዝገት፣ ጨው ጨው የሚል ሽታ ነው። ደብረ ብርሃን ቤቴ ቁጭ ብዬ ሦስተኛ ክፍል የነበርኩበትን ዓመት አሸተትኩት።

ሰፈራችን ከአንኮበር ከተማ ዝቅ ብሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። በመስከረምና በጥቅምት ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከአልዩ አምባ በኩል ገደሉን ይዞ ይወጣና እስከ አራት ሰዓት ድረስ አይለቀንም። ትምህርት ቤት ስንደርስ የሁላችንም ቅንድብ ርጥብ ነው። ክረምቱን ሙሉ ያፈሰሰው የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ሰሌዳውን አጥቦ አጥቦ እንጨቱ ይታይ ነበር። መምህር ግርማ በጠመኔ ሲጽፉበት ነጭ በነጭ ሆኖ አንድም ነገር አይነበብም።

ስለዚህ በየዓመቱ እንደሚደረገው አዘዙን።

«ዓርብ እያንዳንዳችሁ ሁለት ሁለት የሞተ ድንጋይ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ያላመጣ ሰኞ አባቱን ይዞ ይመጣል!»

ይህን ሥራ ለማያውቅ ልንገር። የሞተውን ድንጋይ በእውነተኛ ድንጋይ እንቀጠቅጠዋለን። ውጪው ነጭ ብረት ነው፤ ዚንክ ይባላል። ውስጡ እንደ ጥላሸት የጠቆረ ዱቄት አለው፤ መሐሉ ላይ ደግሞ ጣት የምታህል ጥቁር ዘንግ ቆማለች። ዘንጓን ለመጻፊያ እንሻማባታለን፤ ዚንኩን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለው ጉድጓድ እንጥላለን፤ ዱቄቱን በጎመን ቅጠል ጭማቂ ለውሰን በጨርቅ ሰሌዳውን እንቀባዋለን። ሲደርቅ ሰሌዳ ይሆናል። ልጆች ሁሉ ፊታችን ጠቁሮ ወደ ቤት ስንገባ እናቶች፣ «ዛሬ ደግሞ ከየትኛው ከሰል አክሳይ ቤት ዋላችሁ?» ይሉናል። እኔ ዛሬ ልጄ ብትሆን ኖሮ እዚያ ግቢ አላስገባትም ነበር።

እኛ ቤት ድንጋይ አልነበረም። የአባቴን የእጅ ባትሪ ድንጋዮች የአክስቴ ልጆች ቀድመው ወስደዋቸዋል። አባቴን ይዞ መሄድ ደግሞ የማይታሰብ ነገር ነው፤ ገብሱ ደርሶ፣ ዝንጀሮ ከገደሉ እየወጣ እየጨረሰበት ማሳ ይጠብቅ ነበር። ዓርብ ጠዋት ባዶ እጄን ስሄድ በአባባ ደምሴ አጥር በኩል አለፍኩ። የድንጋይ ካቡ ላይ፣ ጉሙ ገለጥ ብሎ ፀሐይ በወጣችበት ቦታ፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ሁለት ድንጋዮች ተሰጥተዋል።

እዚህ ላይ ነው ስሕተቴ። እኛ ቤት ፀሐይ የምታገኘው የደከመች ድንጋይ ብቻ ናት። ድንጋይ ሲደክም እናቴ እንደ በርበሬ ታሰጣዋለች፤ አባቴ በጥርሱ ነከስ ያደርገውና ትንሽ ደግሞ ያበራል። እንግዲህ ፀሐይ ለሞቱት መድኃኒት ናት ብዬ ነው የማውቀው። የተሰጣ ሁሉ የሞተ ነው። አንስቼ ሄድኩ። ሰረቅሁ ብዬም አላሰብኩም፤ ኩበት እንደ መልቀም ነበር የቆጠርኩት።

ስቀጠቅጣቸው ግን ከሌሎቹ ተለዩብኝ። የሌሎቹ ልጆች ድንጋይ ዚንኩ ብል እንደ በላው ተበሳስቷል፤ ዱቄቱም ደረቅ ነው። የእኔዎቹ ዚንካቸው ያበራል፤ ዱቄቱም ርጥብ ነው፣ እንደ ተቦካ ሊጥ። ፀሐይ ጠግበው ነው አልኩ። መምህር ግርማ አጎንብሰው አዩት።

«ይሄማ አዲስ ይመስላል! ማነው ያመጣው?»

«እኔ ነኝ መምህር። አባቴ ሰጥቶኝ ነው።»

ያችን ውሸት ለምን እንደ ጨመርኳት እስካሁን አላውቅም። ሰሌዳው በዚያ ዓመት የጠቆረውን ያህል ጠቁሮ አያውቅም። መምህር ግርማ «ሀ» ብለው ሲጽፉበት ፊደሏ ከሰሌዳው ልትዘል የደረሰች መሰለችን።

ማታ ለእናቴ ውሃ ቀድቼ ስመለስ የእማማ አስካለ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። እማማ አስካለ ጆሮአቸው ከብዶ ስለ ነበር ሲናገሩ መንደሩ ሁሉ ይሰማል።

«ቁራ ነው! ቁራ ነው አልኩ! የሚያብለጨልጭ ነገር አይቶ አያልፍም፤ እግሩ ይሰበር! የልጄን ድምፅ ወሰደብኝ!»

ልጃቸው ሽመልስ ነው። ግንባር ከሄደ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። በክረምት አንዲት ደብዳቤ መጥታለች፤ መምህር ግርማ ናቸው ያነበቡላቸው። «ከመስቀል በኋላ በሬድዮ ሰላምታ ስለምልክ እሑድ እሑድ አዳምጡ» ይላል። በዚያን ጊዜ እሑድ ከሰዓት ወታደሮች ለቤተሰብ ሰላምታ የሚልኩበት የሬድዮ ፕሮግራም ነበር። አባባ ደምሴ ሁለት አዲስ ድንጋይ አግኝተው፣ ለእሑድ ብቻ እያስገቡ፣ በቀሩት ቀኖች በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡ ነበር። ጉሙ እንዳያረጥባቸው ደግሞ ፀሐይ በወጣች ቁጥር ካቡ ላይ ያሰጧቸዋል። «ብርድ ድንጋይ ያስተኛል» ይሉ ነበር።

የወሰድኩት የሞተ አልነበረም ማለት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አባባ ደምሴ አንኮበር ከተማ ወጥተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ሱቆቹ ድንጋይ አልቆባቸዋል። ካቡ ላይ ቁጭ ብለው ሬድዮዋን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ባዶ መሆኗን እያወቁ፣ ቁልፏን ወደ ቀኝ ወደ ግራ ያዞሩ ነበር። እማማ አስካለ ደግሞ ሰማይ ሰማይ እያዩ ቁራ ይራገማሉ። አንዲት ቁራ ዋንዛው ላይ አርፋ ስድቡን ሁሉ ትሰማ ነበር። ያቺ ቁራ አሳዘነችኝ። ለዘነበች ነገርኳት።

«በይ ንገሪያቸው» አለችኝ።

«ይገድሉኛል።»

«እሳቸው ዶሮ ማረድ እንኳ ይፈራሉ። ባትነግሪያቸው እኔ ነኝ የምነግራቸው።»

ዘነበች እንዲህ ናት፤ ዛሬም እንዲሁ ናት። እጄን ይዛ ወሰደችኝ።

«አባባ፣ ቁራዋ አይደለችም» አልኩ።

«ምኗ?»

«ድንጋዩን የወሰደችው። እኔ ነኝ። የሞተ መስሎኝ ነው። ሰሌዳው ላይ ነው ያለው።»

የሬድዮዋን ቁልፍ ማዞሩን ተዉ። ከዚያ፣ «ሽመልስን ሰሌዳ ላይ ቀባሽው?» አሉኝ።

አለቀስኩ። እንዲህ ባለቀስኩበት ሰዓት እሳቸው የጠየቁኝ ነገር ይገርመኛል።

«ስትቀጠቅጪው ርጥብ ነበር?»

«ርጥብ ነበር።»

«ዚንኩስ? ያበራ ነበር?»

«ያበራ ነበር አባባ።»

ተነሡ። አባባ ደምሴ በወጣትነታቸው ስልክ ቤት ሠርተዋል፤ ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል፣ ምን እንደ ሠሩ ግን የሚያውቅ የለም። ጓዳ ገብተው ከስልክ ቤት ያመጧቸውን ሁለት ትልልቅ የብርጭቆ ማሰሮዎች አወጡ። እማማ አስካለ የዘር ገብስ ያስቀመጡባቸው ነበሩ።

«አንቱ፣ የዘሬን ማሰሮ ወዴት?»

ጆሮአቸው ላይ ጎንበስ ብለው፣ «ገብሱን እንቅብ ላይ ገልብጪው፤ ማሰሮዎቹ ወደ ድሮ ሥራቸው ሊመለሱ ነው» አሉ። እኛን ደግሞ ላኩን፦ «ዱቄት የተረፈ እንደ ሆነ አምጡ። ዘንጎቹንም፣ ዚንኩንም። የበሰበሰውን ተዉት፤ የሚያበራውን ፈልጉ።»

መምህር ግርማ የሚኖሩት ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው። ሰኞ ሰሌዳውን ለመድገም ብለው ከለወስነው ዱቄት ግማሽ ጣሳ በቅጠል ሸፍነው አስቀምጠዋል። ነገሩን ስንነግራቸው ውሸቴን ሰምተው በዓይናቸው ገረፉኝ፤ በእጃቸው ግን አልነኩኝም።

«ሰሌዳዬን አትፍቁብኝ እንጂ ጣሳውን ውሰዱ» አሉ። እኔና ዘነበች ጉድጓዱ ውስጥ ገብተን ዚንክ ስንለቅም እሳቸው ከኪሳቸው ሁለት ዘንግ አውጥተው ተከትለውን መጡ። ስለ ኤሌክትሪክ ከመጽሐፍ ያስተምሩን ነበር፤ ሲሠራ ግን አይተው አያውቁም ነበር መሰለኝ።

«አባባ ደምሴ፣ ሬድዮዋ እንዳትቃጠል!» አሉ ገና ከበር።

«አንተ መጽሐፉን ያዝ፤ እኔ ማሰሮውን ልያዝ» አሉ አባባ ደምሴ።

ሲሠሩ እንዲህ ነበር። ዘንጓን መሐል አቁመው ጥቁሩን ዱቄት ዙሪያዋን ጠቅጥቀው በነጠላ ቁራጭ ጠቀለሉና እንደ ሕፃን በክር አሰሯት። የጎመኑ ነገር አሳስቦኝ ስጠይቃቸው «ጎመን ማንን ጎድቶ ያውቃል?» አሉኝ። ዚንኩን ቀጥ አድርገው በአመድና በአሸዋ አሹት፤ ሲያበራ ጠቀለሉና በማሰሮው ውስጠኛ ግድግዳ ዙሪያ አቆሙት። መሐሉ ላይ ጥቁሯን ሕፃን አስቀመጡ፤ ሁለቱ እንዳይነካኩ ተጠነቀቁ። ድሮ ስልክ ቤት ቆርቆሮ በያጆች የሚጠቀሙበትን ነጭ ጨው ነበር የሚያደርጉት። እሱ ስለሌለ ከአልዩ አምባ ገበያ የመጣውን አሞሌ ጨው ፈጭተው ለብ ባለ ውሃ አሟሙተው ሞሉት። ሁለተኛዋንም ማሰሮ እንዲሁ አደረጉ። የመጀመሪያዋን ዘንግ በሽቦ ከሁለተኛዋ ዚንክ ጋር አገናኟት፤ ሁለት ሽቦ ጫፍ ቀረ።

«ድንጋይ ማለት ይኸው ነው» አሉን። «ድንጋይ የደረቀች ማሰሮ ናት። ሱቅ የሚሸጡልን ውሃው እንዳይፈስ በሊጥ አድርገውት ነው እንጂ።»

«ግን አባባ፣ ድምፁ የቱ ጋ ነው ያለው?» አለች ዘነበች።

«ድምፅ የለበትም። ጉልበት ነው። ሠርግ ታውቂያለሽ? ዚንኩ የሴቷ ቤት ነው፤ ይሰጣል፣ እየሰጠም ያልቃል። ጥቁሩ የወንዱ ቤት ነው፤ ይቀበላል። ጨው ያለበት ውሃ በሁለቱ ቤት መካከል የሚመላለሱ ሽማግሌዎች ናቸው። ሽቦው ደግሞ ሙሽራዋ የምትሄድበት መንገድ ነው። መንገዱ ከተቆረጠ ሙሽራዋ አትሄድም፤ ሽማግሌዎቹም ቁጭ ይላሉ።»

መምህር ግርማ ሳቁና፣ «መጽሐፉ እንዲህ አላለም» አሉ።

«መጽሐፉ አላገባማ!»

እኔ ግን አምኜ ነበር። ማንም ሳያየኝ ለሠርጉ ብዬ አንዲት የገብስ ቆሎ ማሰሮው ውስጥ ጣልኩ።

አባባ ደምሴ ሁለቱን የሽቦ ጫፎች ምላሴ ላይ እንዳሳርፍ አደረጉኝ። (ልጆቼ፣ ይህን ብታነቡ አታድርጉት።) እንደ ሎሚ ኮመጠጠኝ፤ እንደ ጉንዳንም ነከሰኝ። «አለች!» አሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝን ቀን አላስታውስም። የገደልኩት ድንጋይ ነከሰኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁላችን ተሰበሰብን። እማማ አስካለ ሬድዮ ስለማይሰሙ ከባላቸው ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ዓይናቸውን ከፊታቸው ላይ አያነሱም። የሚሰሙት በባላቸው ፊት ነበር።

አንዱን ሽቦ የመያዝ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። አባባ ደምሴ አስጠነቀቁኝ፦ «ማሰሮ እንደ ሱቅ ድንጋይ አትታገሥም። ስልክ ቤት ሳለን ሰው ተናግሮ ሲዘጋ እሷም ታርፍ ነበር። ሳታርፍ ካሠራናት ጥቁሯ ላይ አረፋ ይይዛትና ትታፈናለች። ድምፁ ሲደክም ሽቦውን ታነሺያለሽ፤ አረፍ ስትል ትመልሺያለሽ። ገባሽ?»

ገባኝ። ማለትም የገባኝ መስሎኝ ነበር።

ሽቦውን ሳስነካ ሬድዮዋ ተናገረች! ድምፁ ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ሰው ቀጭን ነው፤ ግን ይሰማል። ዘነበች አፏን በእጇ ያዘች። ስም ተጠራ፤ የጎጃም ልጅ ነው። ስም ተጠራ፤ የእነዋሪ ልጅ ነው። ድምፁ ሲደክም ሽቦውን አነሣሁ። አሥር ጊዜ ተነፈስን። መለስኩ። ድምፁ በርትቶ መጣ። ሌላ ስም፣ ሌላ አገር። ደግሞ ደከመ፣ ደግሞ አሳረፍኩ።

አሁን የምጽፈው ለማንም ያልነገርኩትን ነው። ሽቦውን ሳነሣ፣ ሬድዮ ውስጥ ያለው ሰውዬ ዝም ብሎ የሚጠብቀን መስሎኝ ነበር። በሩን ብንዘጋበት ውጪ ቆሞ እንደሚጠብቅ እንግዳ። ስለዚህ ማሰሮዎቹ እንዳይታፈኑ፣ ሽመልስ ሳይደርስ እንዳይሞቱ ፈርቼ፣ በሦስተኛው ጊዜ ድምፁ ገና ሳይደክም አነሣሁት። አባባ ደምሴ አዩኝ፤ ያረፈ ይበልጥ ይበረታል ብለው ነው መሰለኝ ምንም አላሉም። አሥር ጊዜ ሳይሆን ሃያ ጊዜ ቆጠርኩ። ተጠንቅቄ ነው። ከዚያ መለስኩት።

«…አንኮበር ለምትገኙት ለአባቴና ለእናቴ፤ እኔ ደህና ነኝ፤ አታስቡ ብሏል። ቀጥለን…»

ስሙ አልፏል።

ሰውዬው ቆሞ አለመጠበቁን ያን ጊዜ ዐወቅሁ። መምህር ግርማ መሬት መሬት አዩ። እማማ አስካለ በባላቸው ፊት ላይ ያዩትን እንጃ፤ ጉልበታቸውን ይዘው ወዘወዟቸው።

«ምን አለ? አንቱ! ምን አለ?»

አባባ ደምሴ እኔን አዩ። ሽቦውን እንደ ያዝኩ ነበርኩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ሚስታቸው ጆሮ ላይ ጮኹ።

«ደህና ነኝ አለ! አታስቡ አለ!»

«ማን?»

«ማን ይሆናል! ልጅሽ ነዋ!»

እማማ አስካለ እልል ሲሉ ዶሮዋ እንቁላሏን ጥላ በረረች። እንቁላሉ አልተሰበረም፤ ገብስ ላይ ነው የወደቀው። እማማ አስካለ አንሥተው ለእኔ ሰጡኝ፤ «እንኩ፣ የምሥራች» አሉኝ፤ ልጅ መሆኔን ረስተው በአንቱታ። እንቁላሉ ይሞቅ ነበር።

ሌሎቹ ሲወጡ ጠብቄ አባባ ደምሴን በሹክሹክታ ጠየቅኋቸው። «አባባ፣ ስሙን ሰምተውታል?»

«አንቺ ልጅ፣ ሽቦውን ልቀቂ። ማሰሮዎቹ ይረፉ» አሉኝ።

እስከ ኅዳር ድረስ እሑድ እሑድ ሄድን። ሌላ የአንኮበር ሰላምታ አልመጣም። ሽቦውን የያዝኩት ሁልጊዜ እኔ ነኝ፤ ከእጄ ወስደው ለዘነበች አንድም ቀን አልሰጡብኝም። በመጨረሻው እሑድ ሬድዮዋ አልናገር ስትል አባባ ደምሴ ዚንኩን ከውሃው አውጥተው አሳዩኝ። አልቆ ወንፊት መስሏል፤ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ፊታቸው ይታየኝ ነበር። ማሰሮዎቹን አጥበው አደረቋቸው፤ እማማ አስካለም የዘር ገብሳቸውን መለሱባቸው። ሲታጠቡ የጣልኳት ቆሎ ከማሰሮው ሥር ጠቁራ ተገኝታ ነበር። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ አባባ ደምሴ።

ገብሱ ከታጨደ በኋላ እኛ ወደ ደብረ ብርሃን መጣን። ሰሌዳው ስንሄድም እንደ ጠቆረ ነበር።

አሁን አባባ ደምሴም እማማ አስካለም በሕይወት የሉም፤ ዘነበች ነግራኛለች። ሽመልስ ወደ መንደሩ አልተመለሰም፤ ሞቷል ብሎም የነገራቸው የለም። እማማ አስካለ ግን እስከ መጨረሻቸው «ልጄ በሬድዮ ደህና ነኝ ብሎኛል» ይሉ ነበር አሉ።

ስለዚህ የምለምነው ይህን ነው። ሽመልስ ደምሴ ይባላል። ከአንኮበር በታች ነው የተወለደው። ቁመቱ ረዘም ያለ፣ በግራ ቅንድቡ ላይ ከልጅነቱ የቀረ የማጭድ ጠባሳ ያለው፣ ሲስቅ ዓይኑን የሚጨፍን ነው። ያለበትን የሚያውቅ፣ አብሮት የነበረ፣ ወይም ስሙን ብቻ እንኳ የሰማ ሰው ካለ፣ አንኮበር ገበያ እህል ለምትሸጠው ለዘነበች ይንገራት፤ እሷ ታደርስልኛለች። በዚያ ዓመት ከመስቀል በኋላ በሬድዮ ለአንኮበር ወላጆቹ «ደህና ነኝ፣ አታስቡ» ያለው ሌላ ልጅ ከሆነም፣ እባክህ፣ አንተም ብትሆን ንገረኝ።